ጅብ ከሄደ በኋላ ስለሚሰጥ የክብር ዶክትሬት

ይድረስ፦ በአገር ቤትም በውጭም ላላችሁ የዩኒቨርሲቲ ቦርድ አባላት፣ ፕሬዚዳንቶች፣ ዲኖችና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ሊ ሎርች ስለሚባል አንድ የሂሳብ መምህር

እንደምን ሰነበታችሁ?

መቼም ብዙ ደብዳቤ ይደርሳችኋል። ግማሹ የበጀት ነው፣ ግማሹ የቅሬታ። ይሄኛው ስለ አንድ የሞተ ሰው ነው። ሰውዬው ዘመድም ወዳጅም አይሆነኝም፤ የሚያገናኘን እኔም እንደሱ ሂሳብ አስተማሪ መሆኔ ብቻ ነው። ነገሩን ሳላንዛዛ ልናገር፦ ይህን ሰው በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ አራት ኮሌጆች ሸኝተውታል። አንዱ እድገቱን ከለከለው፣ አንዱ ኮንትራቱን አላድስም አለ፣ ሌሎቹም እንዲሁ በሰበብ። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ፀጉሩ ሸብቶ ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ የክብር ዶክትሬት ይዘው መጡ። የምጽፍላችሁ በመሃል ስላለው አርባ ዓመት ነው።

(ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው። የእኛን ሳመጣ እነግራችኋለሁ።)

ሎርች በ1915 ኒውዮርክ ተወለደ። ኮርኔል ተማረ፣ ዶክትሬቱን በ1941 ከሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ አገኘ። በጦርነቱ ጊዜ ለመንግሥት የአቪዬሽን ምርምር መሥሪያ ቤት በሂሳብ ባለሙያነት ይሠራ ነበር። ወንበሩን ትቶ ዘመተ። በሕንድና በፓስፊክ በኩል አገለገለ። ወታደር በሚያመላልሱት መርከቦች ላይ አንድ ነገር አስተዋለ፦ መርከቡን የሚያጥቡት፣ ቆሻሻውን ሥራ የሚሠሩት ሁልጊዜ ጥቁሮቹ ወታደሮች ናቸው። ይህን በዘጠናዎቹ ዕድሜው ሳይቀር እያነሳ ይናገር ነበር።

ሚስቱ ግሬስ የቦስተን አስተማሪ ነበረች። ሲጋቡ ከሥራ አስወጧት፤ በዚያ ዘመን በቦስተን ያገባች ሴት አታስተምርም። ዝም አላለችም፣ ተከራከረች። እንግዲህ ባልና ሚስቱ ገና ከመነሻው ምን ዓይነት ሰዎች እንደነበሩ ገብቷችኋል።

ከጦርነት የተመለሰ ወታደር በኒውዮርክ ቤት አያገኝም ነበር። ሎርችም ሚስቱንና ትንሿን ልጁን ይዞ ኩዊንስ ውስጥ የአንድ ቆርቆሮ መጠለያ ግማሹን ተካፍሎ ኖረ። በኋላ ስታይቬሰንት ታውን የሚባለው አዲስ መንደር ተከፈተ። በማንሃተን ምሥራቅ ዳር፣ ከ8,700 በላይ አፓርታማ ያለው ግዙፍ የመኖሪያ መንደር ነው። የሠራው ሜትሮፖሊታን ላይፍ የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ነው። ግን የኩባንያው ብቻ ነው ማለት ይከብዳል፤ መሬቱን ከድሮ ነዋሪዎቹ አስለቅቃ የሰጠችው ከተማዋ ናት፣ የ25 ዓመት የግብር እፎይታም ሰጥታዋለች። በሕዝብ መሬትና በሕዝብ ገንዘብ የቆመ መንደር ማለት ነው። ጥቁር ግን አይከራይበትም። የኩባንያው አለቃ ፍሬድሪክ ኤከር ገና በ1943 ጥቁርና ነጭ አብረው አይሄዱም፣ ምናልባት ከመቶ ዓመት በኋላ ካልሆነ፣ ብሎ በአደባባይ ተናግሮ ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1949 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ4 ለ3 ድምፅ ለኩባንያው ፈረደ።

ሎርች ያኔ በሲቲ ኮሌጅ ያስተምራል። ቤት አግኝቷል፣ ልጁ የምትጫወትበት ግቢ አላት፣ ኪራዩ ወር በገባ 76 ዶላር ነው። በእኛ ቋንቋ ሰውዬው ተደላድሏል። የተደላደለ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን፤ በሩን ይዘጋል። ሎርች ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ አድልዎው እንዲቆም የሚታገል የተከራዮች ኮሚቴ አቋቋመ፣ ምክትል ሊቀመንበሩም ሆነ። ነዋሪውን ሲጠይቁ አብዛኛው ሰው ጥቁር ጎረቤት ቢመጣ ግድ እንደሌለው ተናገረ። ኩባንያው ነዋሪው አይፈልግም ሲል ነዋሪው ራሱ መልስ ሰጠው።

እዚህ ላይ ነው የእናንተ ነገር የሚመጣው። ሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የትምህርት ክፍሉ ባልደረቦቹ አብዛኞቹ ይደግፉታል። ማስተማሩ ላይ ጥያቄ የለም፣ ጽሑፎቹ ላይ ጥያቄ የለም። ከላይ ያለው የቅጥር ኮሚቴ ግን እድገቱን ዘጋበት። በተከራዮች ኮሚቴ ሥራው ምክንያት ነው ብሎ የጻፈ የለም። መቼ ይጻፋል! ሎርች ዕቃውን ሸክፎ ሌላ ሥራ ፍለጋ ወጣ።

ፔንሲልቬንያ ስቴት ኮሌጅ ተቀጠረ። ኒውዮርክ ያለውን አፓርታማ ግን አልለቀቀም። ለአንድ ጥቁር ቤተሰብ በእንግድነት ሰጠው፤ ሃርዲን ሄንድሪክስ ለሚባል የጦር ተመላሽና የሲቲ ኮሌጅ ተማሪ፣ ለሚስቱና ለትንሽ ልጃቸው። አከራየ አይባልም፣ እንግዳ አስቀመጠ ነው። የኩባንያው ደንብ ጥቁር ተከራይ አይቀበልም እንጂ እንግዳ ማሳደርን የሚከለክል አንቀጽ አልነበረውም። ኩባንያው የኪራዩን ቼክ አልቀበልም አለ። እኔ ይህችን ነገር ሳነብ ሳቅሁ፤ ሰውየው በመጨረሻም የሂሳብ ሰው ነው፣ ሕጉን አንብቦ ያልተዘጋውን ቀዳዳ አገኘ።

ፔንሲልቬንያ ያሉት አለቆቹ ግን አልሳቁም። በ1950 ጠርተው ስለ አፓርታማው ጠየቁት። ሌላ ከተማ ውስጥ በገዛ ቤቱ ማንን እንዳሳደረ ማለት ነው! ያደረግኸው ነገር ከልክ ያለፈ ነው፣ ሕገ ወጥ ነው፣ ነውር ነው፣ የኮሌጁንም ስም ያጎድፋል አሉት። ቅጥሩ አይታደስም ተባለ። ተማሪዎች ተቃወሙ፣ የፕሮፌሰሮች ማኅበር ተቃወመ፣ አልበርት አይንስታይን ሳይቀር ድጋፉን ገለጸ። ኮሌጁ ንቅንቅ አላለም። አይንስታይን የተከራከረለትን ሰው የምታሰናብቱት ለማን ብላችሁ ነው? መልሱን እኛም እናውቀዋለን፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ለስልኩ ነው። ከላይ ለሚደወለው ስልክ።

መንደሩስ ምን ሆነ ላላችሁ፣ ሎርችና ጓደኞቹ አሸነፉ ማለት ይቻላል። ከተማዋ በ1951 በሕዝብ ድጋፍ በሚሠሩ ቤቶች አድልዎ የሚከለክል ሕግ አወጣች። በ1952 መጀመሪያ ደግሞ ኩባንያው ሊያስወጣቸው የነበሩትን የኮሚቴ ሰዎች ተዋቸው። የሄንድሪክስ ቤተሰብ በራሱ ስም አፓርታማ አገኘ። በስምምነቱ መሠረት በፈቃዳቸው መልቀቅ ካለባቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ግን ሎርች ነበር። ለሌላው በሩን ከፍቶ ራሱ ወጣ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ። በ1950 ናሽቪል፣ ቴነሲ ውስጥ ያለው ፊስክ ዩኒቨርሲቲ፣ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ቀጠረው። የሂሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊም ሆነ። አምስት ዓመት ነው የቆየው። በዚያ በትንሿ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ተማሪዎች መካከል ሦስት ሴቶችን ልጥራላችሁ።

ኤታ ፋልኮነር አንዷ ናት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ እሆናለሁ ብላ ነበር የምታስበው፤ ወደ ድኅረ ምረቃ የገፋፋት ሎርች ነው። ዶክትሬቷን በ1969 ከኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ይዛ ስፔልማን ኮሌጅ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ጥቁር ሴቶችን ሂሳብ አስተማረች። ዛሬ በስሟ የሚጠራ ዓመታዊ ንግግር አለ። ቪቪያን ማሎን ሜይስ ሐኪም ለመሆን ነበር የመጣችው። ሎርችና ኢቬሊን ቦይድ ካስተማሯት በኋላ ሐሳቧን ቀየረች። ኢቬሊን ራሷ በ1949 ከዬል ዶክትሬት የያዘች ጥቁር ሴት ናት፤ እንዲህ ያለች አስተማሪ ፊት ለፊት ቆማ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ሦስተኛዋ ግሎሪያ ሂዊት ናት። የእሷ ነገር ይገርማል። ስለ ድኅረ ምረቃ አላሰበችም፣ ማመልከቻም አልሞላችም። ሎርች ሳይነግራት ስሟን ለሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ልኮ ኖሯል። አንድ ቀን ካላመለከተችበት ቦታ የነፃ ትምህርት ዕድል ደብዳቤ መጣላት። በ1962 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ይዛ ወጣች፣ ኋላም ሞንታና ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ትምህርት ክፍሉን መራች። ይህን ሥራ የትኛው የግምገማ ቅጽ ላይ ነው የምትሞሉት? "ተማሪዋ ሳታውቅ ወደፊቷን አሰበላት" የሚል ሣጥን የለም። ስንት ጽሑፍ አሳተመ የሚል ግን አለ።

ለማነጻጸር ያህል ሌላ ፕሮፌሰር ላምጣ። ማሎን ሜይስ ለዶክትሬት ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አር ኤል ሙር የሚባል እጅግ የታወቀ የሂሳብ ሰው ነበር። በማስተማር ዘዴው በመላው አሜሪካ ይወደሳል። ጥቁር ተማሪ ግን ክፍሉ አይገባም። ማሎን ሜይስም አልገባችም። ይህም አቋም ነው እንግዲህ፤ እሱም ፖለቲካ ነው፣ ክፍል ውስጥ የገባ ፖለቲካ። በዚህ ምክንያት ያባረረው ሰው የለም። እንዲያውም በ1973 ሕንፃ በስሙ ተሰየመ፤ ስሙ የተነሣው በ2020 ነው። ሎርች ሌላ ከተማ ባለ ቤቱ እንግዳ በማሳደሩ ሥራ ሲያጣ፣ ያኛው ጥቁር አላስተምርም ብሎ ሕንፃ ተሰየመለት። "እኛ መምህራን ፖለቲካ ውስጥ ባይገቡ እንመርጣለን" ስትሉ የምሰማው እንዲህ እያሰብኩ ነው። የምትጠሉት ፖለቲካውን ነው ወይስ ጩኸቱን?

ናሽቪል ሳለን አንድ ነገር አለ። በ1951 የአሜሪካ የሂሳብ ማኅበር የደቡብ ምሥራቅ ቅርንጫፍ እዚያው ከተማ ጉባኤ አደረገ። ሎርች፣ ኢቬሊን ቦይድና ሌሎች ሁለት ጥቁር ባልደረቦቹ ሄዱ። ጥናት ሲቀርብ ተቀምጠው አዳመጡ፣ ማንም ምንም አላላቸውም። ለመዝጊያው ራት ግን ቦታ አስይዘው ሳለ የለም ተባሉ። ቴዎረሙን አብሮ መስማት ይቻላል፣ ዶሮውን አብሮ መብላት ግን አይቻልም። (ዶሮ ይሁን ሌላ እንጃ፣ ራቱን አልበላሁት።) አራቱ ሰዎች ለሁለቱ ትልልቅ የሂሳብ ማኅበራት ደብዳቤ ጻፉ፤ አድልዎ የሚከለክል አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባችሁ አስገቡ አሏቸው። ደንቡ አልተለወጠም፣ ግን ስብሰባ ሁሉ ለሁሉም እኩል ክፍት እንዲሆን መመሪያ ወጣ። ዛሬ እኛ አበሾች እነዚያ ጉባኤዎች ላይ ሄደን ባጃችንን አንገታችን ላይ አድርገን ቡና ይዘን ስንንጎራደድ፣ በዚያች ደብዳቤ በኩል ነው የገባነው ብል አላጋነንኩም።

በ1954 የተወካዮች ምክር ቤቱ ፀረ አሜሪካ እንቅስቃሴዎችን የሚመረምረው ኮሚቴ ጠራው። ሎርች ግራ ዘመም መሆኑን ደብቆ አያውቅም። ፊስክ ሳለ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበርክ ወይ ሲባል አልነበርኩም ብሎ መለሰ። ከዚያ በፊትስ ሲሉት፣ ያ የእናንተ ጉዳይ አይደለም፣ ሕገ መንግሥቱ የመናገርና የመደራጀት ነፃነት ሰጥቶኛል አለ። ሌሎች ብዙዎች ራሴን አልወነጅልም የሚለውን አምስተኛውን ማሻሻያ ይጠቅሱ ነበር፤ እሱ የያዘው ስለ መናገር ነፃነት የሚለውን የመጀመሪያውን ነው። ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። አምስተኛው ጋሻ ይሆናል፣ ሰው ሳይከሰስ እንዲወጣ ያግዛል። የመጀመሪያውን የያዘ ግን ክስ ይመጣበታል። መጣበትም፤ ምክር ቤቱን በመድፈር ተከሰሰ። በ1957 ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበተው። ፊስክ ግን ፍርዱን አልጠበቀም። ባልደረቦቹ፣ ተማሪዎቹ፣ የቀድሞ ምሩቃን ተዉት እያሉ ቦርዱ በ1955 ሸኘው።

ፊስክ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ትንሽ አዝንላቸዋለሁ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ማስተዳደር ማለት በየቀኑ ጉሮሮህ ተይዞ መኖር ነው፣ ኮሚኒስት አስጠጉ መባል የዕርዳታውን ገንዘብ ያደርቃል። የሰጉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ግን ደግሞ በዚህ ስጋት ተሸማቀው ያስወጡት ሰው፣ ተማሪዎቻቸውን ዶክተር እያደረገ የነበረውን ሰው ነው። ስጋት ሁልጊዜ የሚያስወጣው ቀሽሙን አይደለም። ቀሽሙማ ማን ነክቶት!

ቀጥሎ የቀጠረው ፊላንደር ስሚዝ የሚባል ትንሽ የጥቁሮች ኮሌጅ ነው። ያለበት ከተማ ሊትል ሮክ፣ አርካንሶ። እዚያ ሳለ የመጣውን ዓመት ስትሰሙ ታሪኩ ይመጣላችኋል፦ 1957።

መስከረም 4 ቀን ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች የነጮች ብቻ ወደነበረው ሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊገቡ ነው። አገረ ገዥው ወታደር አቁሞባቸዋል። ልጆቹ ተገናኝተው አብረው እንዲሄዱ ተወስኖ ነበር፤ ኤሊዛቤት ኤክፎርድ ግን ቤቷ ስልክ ስለሌለ መልእክቱ አልደረሳትም። 15 ዓመቷ ነው። ብቻዋን ሄደች። ወታደሮቹ አላሳልፍ አሏት፣ ሕዝቡ ከኋላዋ እየጮኸና እየተሳደበ ተከተላት። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ፣ ደብተሯን አቅፋ የምትሄድበትን ፎቶ ያላየ ያለ አይመስለኝም። አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ያኔ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ወደ ልጅቷ ሄዳ ሕዝቡን የገሠጸች፣ አጠገቧ ሆና አውቶቡስ ያሳፈረቻትና አብራት የተሳፈረች አንዲት ነጭ ሴት ነበረች። ግሬስ ሎርች ናት። የሂሳብ መምህራችን ሚስት፣ ቦስተን አገባሽ ብሎ ያባረራት አስተማሪ።

ውለታው ተመለሰላቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግሬስን የሴኔት ኮሚቴ ለምርመራ ጠራት። ልጃቸው በትምህርት ቤት መከራዋን አየች። ጋራዣቸው ላይ ዲናሚት ተገኘ። በጣም የሚያመው ግን ይሄ አይደለም፤ አብረዋቸው የሚታገሉት ጥቂት ሰዎች ሳይቀሩ የኮሚኒስት ስም ይተርፈናል ብለው ራቁልን አሏቸው። ሎርች በአርካንሶ የጥቁሮች መብት ማኅበር ውስጥ ኃላፊነት ነበረው፤ ዘጠኙን ልጆች በትምህርታቸው ያግዝ ነበር። በ1958 የኮሌጁ ሥራም አበቃ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ኮነቲከት ውስጥ እንግዳ መምህር ሆኖ ሠራ፣ ከዚያ አሜሪካ ውስጥ የሚቀጥረው ጠፋ።

ካናዳ ቀጠረችው። በ1959 ኤድመንተን፣ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ፤ ከ1968 ጀምሮ ቶሮንቶ፣ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ፤ በ1985 ጡረታ እስኪወጣ። እዚያ ምን ፈጠረ? አመጽ አስነሳ? ዩኒቨርሲቲውን አቃጠለ? በ1968 የካናዳ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ።

ሂሳቡንም ላሳያችሁ፣ ስለ ሂሳብ መምህር ደብዳቤ ጽፎ ሂሳቡን ማለፍ ነውር ነው። ሎርች ከሠራባቸው ነገሮች አንዱ የቤሰል ፋንክሽኖች ናቸው። ክብ ከበሮ ሲመታ ቆዳው እንዴት እንደሚርገበገብ የሚነግሩን እነሱ ናቸው። እያንዳንዱ ፋንክሽን ዜሮ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉት። የአንደኛውን፣ ጄ አንድ የምንለውን ዜሮዎች ተመልከቱ፦ 3.8317፣ 7.0156፣ 10.1735፣ 13.3237 እያለ ይሄዳል። አሁን ክፍተታቸውን አስሉ፦ 3.1839፣ ከዚያ 3.1579፣ ከዚያ 3.1502። እየጠበበ፣ እየጠበበ ወደ ፓይ፣ ወደ 3.1416 ማለት ነው፣ ይጠጋል። ይህ ድሮም የታወቀ ነው። ሎርች ከፒተር ሴጎ ጋር በ1963 ባሳተመው ሥራ ከዚህ ጠለቅ አለ፤ የክፍተቶቹን ልዩነት ብትወስዱ፣ የልዩነቶቹንም ልዩነት፣ የእነሱንም፣ እስከፈለጋችሁ ድረስ ብትወርዱ ምልክታቸው ያለ ዝንፍታ እየተፈራረቀ እንደሚሄድ አረጋገጠ። ላይ ላዩን ተራ የሚመስል የቁጥር ሰልፍ ውስጥ ማለቂያ የሌለው ሥርዓት! ተማሪዎቼ ካልኩሌተር ይዘው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃ ሲሠሩ ፊታቸውን ማየት ደስ ይለኛል። ይህን የሠራው ያ "ኮሌጃችንን ያሰድባል" የተባለው ሰውዬ ነው።

ሽልማቱ በኋላ መጣ። የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ፣ ያ ሲቲ ኮሌጅ ያለበት፣ በ1990 የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ፊስክም በዚያው አሥርት ዓመት ሰጠው። ስፔልማንም አከበረው። በ2007 ያ የራቱ ነገር የደረሰበት የአሜሪካ የሂሳብ ማኅበር ትልቁን የአገልግሎት ሽልማት ሸለመው። ግሬስ በ1974 ስላረፈች ይህን አላየችም። እሱ በ2014፣ በ98 ዓመቱ፣ ቶሮንቶ ሞተ።

ሽልማቱ አይሰጥ አላልኩም። ይሰጥ። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በ1990 ሊ ሎርችን ለማክበር ድፍረት አይጠይቅም፤ ጋዋን ማልበስና ፎቶ መነሳት ነው። ወንድነቱ በ1949 ነበር፣ በ1950 ነበር፣ በ1955 ነበር። ያኔ ደግሞ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነበር።

ስለ አሜሪካ ምን አገባን የምትሉኝ አላችሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ በደብዳቤ ተሰናብተዋል። ታላቁ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከነሱ አንዱ ናቸው። ስንት ሐኪም፣ ስንት መሐንዲስ ከነሱ እጅ ተምሮ መውጣት ሲችል እንደቀረ ያሰላ የለም። የሎርችን ሦስት ተማሪዎች በስም የጠራሁላችሁ ለዚህ ነው። እነሱ ከመባረሩ በፊት የደረሱት ናቸው። በፔንሲልቬንያም፣ በሲቲ ኮሌጅም፣ ከ1955 በኋላ በፊስክም መማር የሚገባቸውና ያልተማሩት ስም የላቸውም። እናንተ ሰው ስታባርሩ የምትጽፉት ሂሳብ ውስጥ እነሱ አይገቡም።

እኔ ባስተማርኩበት አንድ ቦታም (ስሙ ይቅር) እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ነበር፣ አብረን ካልኩለስ እናስተምር ነበር። አንድ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ተናገረ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ አንድ መስመር ደብዳቤ ደረሰው፣ ኮንትራትዎ የማይታደስ መሆኑን እናሳውቃለን የሚል። ምክንያት የለውም፣ ቁጥርና ማኅተም ግን አለው። ሰው ሀብት ሄዶ ሲጠይቅ ጸሐፊዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ከላይ ነው" አለችው። ከላይ ወጥቶ ሲጠይቅ ደግሞ "የትምህርት ክፍሉ ውሳኔ ነው" አሉት። ትምህርት ክፍሉ እኛ ነን! እኛን የጠየቀን የለም። ዛሬ ትራንስፖርት ሥራ ላይ ነው፤ አንድ ጥሩ የሂሳብ ሰው ሚኒባስ አስገብቶ ተራ ሲያስጠብቅ ይውላል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር ትልቅ አይደለም። ሐውልት አልጠየቅሁም። መምህር ስታሰናብቱ ምክንያቱን ጻፉት፣ በግልጽ፣ ፊርማችሁን አኑራችሁ። ፔንሲልቬንያ ያሉት ቢያንስ ፊት ለፊት ነግረውታል፤ እኛ ጋ እሱም የለም። የትምህርት ክፍሉ ባልደረቦች ይህ ሰው ያስተምራል ካሉ፣ ሂሳብ የማያውቅ ኮሚቴ ስለ ሂሳብ መምህር ሌላ ውሳኔ አይወስን። ሰውየው ከግቢ ውጭ በቤቱ፣ በሰፈሩ፣ በማኅበሩ የሚያደርገው ሕግ እስካልጣሰ ድረስ አይመለከታችሁም። ሕግ ጣሰ ከተባለም ፍርድ ቤቱ ይፍረድ፣ እናንተ ቀድማችሁ አትፍረዱ። ሎርች በ1957 ነፃ ሲወጣ የፊስክ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ነበር።

ደግሞ ክፍል ውስጥ ስለሚሆነው አስቡበት። ቅሬታ ካለ ማስተማሩን ሄዳችሁ እዩ። ወንበር ስባችሁ ከኋላ ተቀመጡ፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ። ተማሪዎቹን በጓዳ ጠርታችሁ ምን ተናገረ ብላችሁ ከምታጣሩ፣ ምን እንዳስተማራቸው ጠይቁ። መልሱ ከስልኩ የተለየ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ልመናዬ ደግሞ ይሄ ነው። እያንዳንዳችሁ ቢሮ ፋይል ክፍል አላችሁ። ባለፉት ዓመታት ያላደሳችሁላቸውን መምህራን ፋይል አስወጡና ደብዳቤያቸውን አንብቡ። ምክንያት ያልተጻፈበትን ለዩት። በሕይወት ካሉት አንዱ ጋ ደውሉ፣ ዛሬ። የክብር ዶክትሬቱን አቆዩትና ክፍሉን መልሱለት። ሁለተኛ ሴሚስተር ሊጀምር ነው፣ ካልኩለስ ሁለት ደግሞ አስተማሪ የለውም ሲባል ሰምቻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሂሳብ አስተማሪ

ግልባጭ፦
ለሂሳብ ትምህርት ክፍል መምህራን በሙሉ (በተለይ ለባልደረባቸው ፊርማ ሲጠየቁ "አሁን ክፍል አለኝ፣ በኋላ" ለሚሉት)